ለማኅደር ሠርግ የተጠነሰሰው ጠላ

ኅዳር 8

ቀኑ ተቆረጠ፤ ጥር 18፣ እሑድ። የሙሽራው የሙሉቀን አባት አቶ ወልደ ሰንበት ከአንኮበር ድረስ ሽማግሎች አስከትለው መጥተው ከሰዓት በኋላውን ሳሎናችን ተቀምጠው ዋሉ። ሊነሡ ሲሉ፣ "ለወጣቶቹ ቢራ እንገዛላቸዋለን። እኛ ግን የምንጠጣው የወይዘሮ የውብዳርን ጠላ ነው፤ ወሬውን ስንሰማ ነው የኖርነው" አሉ። "ምን ችግር አለ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ማኅደር እጄን ይዛ፣ "እማዬ፣ ድራፍት ይበቃል እኮ። ገና ከሕመም የተነሣሽ ሰው ነሽ" አለችኝ። ከተነሣሁ ቆየሁ። መስከረምን ሙሉ አልጋ ላይ የጣለኝ ጉንፋን ለቆኛል፤ ሳሉም የለም፤ እንዲያውም ከእሷ የበለጠ እሠራለሁ። የቀረኝ ነገር ቢኖር ምግብ አለመጣፈጡ ነው፤ እሱም የእኔ ጥፋት አይደለም። የዘንድሮ ሽንኩርት ውሃ ነው። በርበሬውም ያቃጥላል እንጂ ጣዕም የለው። ሻጯን ሰድቤያታለሁ።

ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። የሠርጓን ጠላ ሌላ ሰው አይጠምቅልኝም።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ድሮ በዚህ ቀን መንደሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያነድ ቤት ውስጥ እንኳ መቀመጥ አይቻልም ነበር። ዘንድሮ ጭሱስ አለ፤ ዓይኔን አቃጥሎታል፤ ግን ጭስ ጭስ አይልም። ሰዉ ምኑን እንደሚያነደው እንጃ። ለባሌ ለሞገስ ይህንኑ ብነግረው ትክ ብሎ አየኝና ወደ በጎቹ ወጣ። ይህ ሰው ለሚስቱ ከሚናገረው ለበግ የሚናገረው ይበልጣል።

ለሙከራ ትንሽ ጌሾ ወቅጬ በውሃ ዘፈዘፍኩ። ሠርግ ሲደርስ ከመደናገር አሁን ብርዱን ልፈትነው ብዬ ነው።

ኅዳር 17

ውርጭ። የበጎቹ መጠጫ በረዶ ሠርቶ አደረ። ጥንስሱ ቀዝቅዞ እንደ ሙት ተኝቷል፤ አንድ አረፋ የለም። ብርድ ልብስ ደረብኩለት። ሞገስ "የኔን ነው እንዴ?" አለኝ። የእሱን ነው።

ኅዳር 20

ጋኔ ካቻምና ተሰንጥቋል። ስለዚህ በርሜል ልገዛ ገበያ ወረድኩ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ያዕቁብ የሚባል የአልዩ አምባ ሰው አለ፤ ትሑት ነው። "ለምን ፈልገውት ነው፣ እናቴ?" አለኝ። ለእስላም ሰው ለጠላ ነው ማለት ከበደኝ። "ለግንባታ ነው፤ ለሲሚንቶ ውሃ" አልኩት።

"ለግንባታስ ከሆነ ይሄ ይበቃዎታል" ብሎ ከታች በኩል ቧንቧ ያለው ሰማያዊ በርሜል አቀረበልኝ። ክዳኑን ከፈተና፣ "ይዩት" አለኝ። አጎንብሼ አየሁት። ንጹሕ ነው፤ አንድ ጉድፍ የለበትም። አስጫንኩት።

ኅዳር 29

ደክሞኛል። በርሜሉን በግራዋ አሽቼ አጥቤ በወይራ አጠንኩት። እንኩሮውን አበሰልኩ። ብቅሉ ከወፍጮ መጣ። ጌሾውን ቅጠሉንም እንጨቱንም ጨምሬ ድፍድፉን ገለበጥኩ። ወገቤ።

ፅጌረዳ፣ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችው፣ "ልርዳዎት" ብላ ገባች። ከወለጋ ተፈናቅላ መጥታ መጠለያው ከርማ ነው እኛ ዘንድ የገባችው፤ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። "እኛ ዘንድ ጌሾውን በስስ ጨርቅ ቋጥረን ነው የምንከተው፣ እትዬ። ቅጠሉ አይበተንም፤ ሲቀዳም አያስቸግር" አለችኝ። "ጌሾ ሻይ ነው እንዴ?" አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደስ አላለኝም።

ግን እሷም አላበዛችውም? በርሜሉ ዘንድ ስትደርስ የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አደረገች። በእኔ ጓዳ፣ በእኔ ጠላ ላይ።

ታኅሣሥ 6

ቧንቧው ተደፈነ። የጌሾ ቅጠል ገብቶበት ይንጠባጠባል፣ ይቆማል። በሽቦ ወጋሁት፤ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ተመልሶ ሌላ ቅጠል ጠራ። ቧንቧውን ፈትቼ ላጥበው ብዬ ነቀልኩት። በርሜሉ ሙሉ እንደሆነ ረስቼ። ጠላውና ገፈቱ በጓዳው ጎርፎ ሳሎን ገባ። በአውራ ጣቴ ቀዳዳውን ደፍኜ ሰው ብጣራ ሞገስ በጎቹ ዘንድ፣ ማኅደር ሥራ። የመጣችው ፅጌረዳ ናት። ስለ ጨርቁ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ብትናገር ይሻል ነበር።

ታኅሣሥ 9

እትዬ አልታየች ከመዘዞ መጡ፤ የሞገስ ታላቅ እህት ናቸው። ለሠርጉ ሊያግዙኝ ነው የመጡት፤ እስከ ጥር ድረስ ያግዙኛል ማለት ነው።

የተረፈውን ጠላ በወንፊት አጥልዬ ለእሳቸውና ለሁለት ጎረቤቶች አቀረብኩ። አንዷ ከንፈሯን አስነክታ አስቀመጠችው። ሌላዋ ለመትፋት ወደ በር ሮጠች። እትዬ አልታየች ዋንጫውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉና፣ "የውብዳር፣ ይሄ ላምባ ነው" አሉኝ።

እኔ ሁለት ጊዜ ተጎነጨሁ። መረረኝ እንጂ ሌላ ምንም የለውም፤ ምሬቱ የጌሾ ነው። "ጌሾ ነው" አልኳቸው። "ልጄ፣ ጌሾን ከላምባ መለየት ሳልችል ነው እዚህ የደረስኩት?" አሉኝ። ጎረቤቶቼ መሬት መሬት አዩ። ሁሉም ተማክረው የመጡ ነው የመሰለኝ።

ሞገስ ግን ዋንጫውን ጨለጠው። አንድ ሰው እንኳ እውነቱን አወቀ ብዬ ነበር። አሁን ሆዱን ይዞ ይገላበጣል። ማን ጠጣ አለው?

ታኅሣሥ 10

ያዕቁብ ላይ ልጮህበት ሄድኩ። "ላምባ የነበረበት በርሜል ሸጥክልኝ" አልኩት።

ደነገጠ። "ለግንባታ ነው አላሉኝም፣ እናቴ? ክዳኑን የከፈትኩልዎ እኮ እንዲያውቁት ብዬ ነው። ወላሂ፣ ሽታው ራስ ያዞራል።" ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ። "ጠጡበት እንዴ?"

"የለም፤ ሲሚንቶ ነው ያቦካንበት" አልኩት። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ዋሸሁ። ሳልጠይቀው በሌላ ባለቧንቧ በርሜል ለወጠልኝ። "ይሄ ከማር ሌላ አያውቅም፤ ያሽትቱት" አለኝ። አጎነበስኩ። "ደህና ነው" አልኩት።

ታኅሣሥ 11

ሳሎን ሆኜ ጓዳ የሚወራውን ሰማሁ።

"የትናንቱ ሽሮ እኮ አሮ ነበር" አሉ እትዬ አልታየች።

"አውቃለሁ፣ አክስቴ" አለች ማኅደር።

"ታዲያ አትነግሯትም?"

"አባዬ ተዋት ብሏል።"

ሽሮው አላረረም። ትንሽ ያዝ አድርጎት ነበር፤ ድስቱ ስስ ስለሆነ ነው። ገብቼ ልነግራቸው ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ ከጀርባዬ ሲንሾካሾኩ ድምፁን ለይቼ የማን እንደሆነ አውቅ ነበር። አሁን በገዛ ቤቴ።

ታኅሣሥ 16

ሁለተኛው ጥንስስ በማሩ በርሜል። ውርጩ ብሶበታል። እንዳለፈው እንዲተኛብኝ አልፈልግም፤ ከጎኑ የከሰል ምድጃ አደረግኩለት። እትዬ አልታየች፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይሉኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳቸው።

ታኅሣሥ 19

በርሜሉ እጅ ያቃጥላል። ይንተከተካል፣ አረፋው ክዳኑን ያነሣል። ደስ ብሎኝ ነበር። ቀመስኩት፤ ምላሴን አኮማተረው። ኮምጣጤ። ሲበርደው ይሞታል፣ ሲሞቀው ይኮመጥጣል። በዚህ ከተማ ጠላ ከሰው ይልቅ ይቀበጣል። የጌሾው ዝቃጭ ደግሞ ከሥር ጠጥሮ እንደ ጭቃ ሆኗል፤ በማንኪያ ፍቄ ነው ያወጣሁት።

ግን አልደፋውም። ምናልባት ውሃ ሲጨመርበት ይመለሳል። ምድጃውን ትንሽ አሸሽቻለሁ።

ታኅሣሥ 22



ረፋዱ ላይ ጓዳ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ብቅል እነፋ ነበር። ጀርባዬን ለበርሜሉ ሰጥቻለሁ። በሩን ለሙቀቱ ዘግቼዋለሁ። ሐሳቤ የሠርጉ ድንኳን ላይ ነበር። ድንገት በሩ ተበረገደና ፅጌረዳ ባልዲ ይዛ ገባች። ውሃውን ከጀርባዬ ስትደፋው ነው ዞሬ ያየሁት። በርሜሉን ያለበስኩት ብርድ ልብስ ምድጃው ላይ ወርዶ ሲጨስ ቆይቶ ነበልባል ጀምሯል። የእኔም የነጠላ ጫፍ ተቃጥሏል።

ጎትታ አወጣችኝ። ግቢው መሃል ቆመን ሁለታችንም አለከለክን። "ከጓሮ ሸተተኝ፣ እትዬ። ከልብስ ማስጫው ነው የሮጥኩት" አለችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አይሸትዎትም፣ አይደል?" አለች።

"ጉንፋን ይዞኝ ነው" አልኳት።

"እሺ" አለች። ይህ እሺዋ ከስድብ ባሰብኝ።

ታኅሣሥ 23

ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

ነጭ ሽንኩርት ላጥኩና ደቆስኩት። አፍንጫዬ ሥር አደረግኩት። ጤና አዳም በጣቶቼ ፈጨሁ። በርበሬው አስነጠሰኝ፤ ለአፍታ ተስፋ አደረግኩ፤ ማስነጠስ ግን ማሽተት አይደለም። የላምባውን ጠርሙስ ከፈትኩ። ለአፍንጫዬ ውሃ ነው። እንደ ሌባ ከክፍል ክፍል ዞርኩ። የሞገስ ካፖርት፣ ሁልጊዜ "ከውጭ ስቀለው፣ በግ በግ ይላል" እያልኩ የምጨቀጭቀው። ፊቴን ቀበርኩበት። ምንም። የማኅደርን ሹራብ አንሥቼ መልሼ አጠፍኩት። እሱን አልሞከርኩትም።

ሽንኩርት ሻጯ ትዝ አለችኝ። ልጇን አዝላ ነበር የሰደብኳት።

ሞገስ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ያዝኩት። "መቼ ነው ያወቅኸው?" አልኩት። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

"በጥቅምት። ቅቤው ሸቶ ነበር፤ ወጥ ውስጥ ጨመርሽው።"

"በላኸው?"

"በላሁት።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ትድኚያለሽ ብዬ ጠበቅሁ።" ኮፍያውን አውልቆ ያዟዙረው ጀመር። "ደግሞስ ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?"

አላምነውም ነበር። ላምባውንም የጠጣው አውቆ ነው። ሰው ፊት ብቻዬን እንዳልሆን ብሎ። ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ? ተናድጄ ራት አላቀርብለትም አልኩ፤ ከዚያ አቀረብኩ።

ታኅሣሥ 25

የኮመጠጠውን ደፋሁት። ድራፍት ይግዙ ልል ነበር፤ እትዬ አልታየች "ድሮስ ብዬ ነበር" ሲሉ ታየኝና ተውኩት።

ጓሮ ሄጄ የፅጌረዳን በር አንኳኳሁ። እኛ ቤት ከገባች ጀምሮ አንኳኩቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከደጅ ነው የምጣራው። "ጨርቁን አምጪው" አልኳት።

"የቱን ጨርቅ፣ እትዬ?"

"ጌሾ የሚቋጠርበትን።"

ሌላ ነገርም ልናገር አስቤ ነበር። አልመጣልኝም። እሷ ግን ነጠላዋን አደግድጋ ተከተለችኝ።

ጥር 1

ገና አለፈ። ድፍድፉ ገባ። ጌሾው ተቋጥሮ በርሜሉ ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ ሲያስፈልግ ይወጣል፤ ቧንቧው ንጹሕ ነው። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነው የሚያናድደው። ቀን ቀን ፀሐይ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ውስጥ፣ ዙሪያውን ጭድ። ከሰል ቤቴ አይደርስም።

ሙቀቱን በመዳፌ አውቃለሁ፤ መፍላቱን ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማዋለሁ። ሽታውን ፅጌረዳ ትነግረኛለች። ትነግረኛለች ማለት ነው እንግዲህ። "ምን ይሸታል?" ስላት፣ "ደስ ይላል" ትለኛለች።

"ደስ ይላል ሽታ አይደለም" አልኳት። "ምን ይመስላል?"

አሰበች። "እንደ ዳቦ።"

"ሊጡ ነው ወይስ የበሰለው?"

"ሊጡ።"

"ገና ነው። የበሰለ ሙዝ ሲልሽ ንገሪኝ።"

የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያስተማርኩ መሰለኝ። ስታስብ ከንፈሯን ትነክሳለች። ወለጋ ሳለች የራሷ ጋን እንደነበራት ዛሬ ነው የነገረችኝ። "ስንት ነበር?" አልኳት። "ነበረ" ብቻ ብላ ጭዱን ማስተካከል ቀጠለች።

ጥር 6

ማኅደር ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ በባትሪ አፍንጫዬን አየና፣ "ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል" አለኝ። ይህን ለማለት ይህን ሁሉ ዓመት ተማረ። በመንገድ ላይ ማኅደር ክንዴን አልለቀቀችም። "ሠርጉን እናራዝመው?" አለችኝ። "ለአፍንጫ ብለሽ?" አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ። እኔ አላለቀስኩም። ብርድ ነበር።

ጥር 10

ሙዝ። ዛሬ ጠዋት ፅጌረዳ ሳልጠይቃት፣ "እትዬ፣ ሙዝ" አለችኝ። ውሃውን ሞላነው፤ ክዳኑ በጭቃ ታተመ።

ጥር 14

ጭንቅ። መብራት የለም፤ ውርጩ እንደ ዘንድሮ ታይቶ አይታወቅም። በርሜሉ ውስጥ ድምፁ ጠፋ። ጆሮዬን ብለጥፍ ጸጥ። አራት ቀን ነው የቀረው። ጭዱ ረጥቧል። ከሰል ልመልስ ብዬ አስቤ ራሴን ሰደብኩ።

ሞገስ ከበሩ ቆሞ፣ "በጎቹ ዘንድ እናስገባው" አለ።

"የሠርግ ጠላ ከበግ ጋር?" አሉ እትዬ አልታየች።

"ከሰው ቤት ይሞቃል" አለ። ይህን ያህል ካወራ ቁም ነገር አለው ማለት ነው። የክዳኑን ጭቃ ደግመን መርገን፣ በላስቲክ ሸፍነን፣ ከፅጌረዳ ጋር ሦስት ሆነን ተሸክመን አስገባነው። በጎቹ ከበው ተኙበት። ሞገስም እዚያው ጋቢውን ለብሶ ቀረ።

ጥር 15

ይሰማል። ቀስ ብሎ፣ ግን ይሰማል። የፅጌረዳ አፍንጫ በግ አላገኘበትም፤ ሦስት ጊዜ አሸተትኳት፤ ማለቴ አስሸተትኳት።

ጥር 19

ትናንት ሠርጉ ሆነ። እግሬ አብጧል፤ ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

ጠላው ጠሎ ወረደ፤ ቧንቧው አንዴም አልቆመ። አቶ ወልደ ሰንበት የመጀመሪያውን ዋንጫ ተቀብለው ቀመሱ፤ ደገሙት። "የሰማነው ውሸት አይደለም" አሉ። "እጅዎ ይባረክ።" እትዬ አልታየች ከጎናቸው፣ "የእኛ ቤት ሴት ናት" አሉ፤ እሳቸው እንዳስተማሩኝ ሁሉ። "አሜን" አልኩ። ምርቃቱን ተቀብዬ ተቀመጥኩ።

ፅጌረዳ ከድንኳኑ ጥግ ማንቆርቆሪያ ይዛ ትቀዳለች። ቀና አላለችም። ጉርሻ ሰጡኝ። እንደገና ሲያመሰግኑኝ ሰማሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። እሷም አትናገር።

ተነሥቼ እጇን ይዤ ሽማግሎቹ ፊት አመጣኋት። "አቶ ወልደ ሰንበት፣ ምርቃቱን ለሁለት ያድርጉልን" አልኩ። "እኔ ከመስከረም ወዲህ ሽታ የሚባል አላውቅም። ይሄ ጠላ በእሷ አፍንጫና በእሷ ብልሃት የመጣ ነው።" እትዬ አልታየች ነጠላቸውን አስተካከሉ።

አቶ ወልደ ሰንበት ዋንጫቸውን አስቀምጠው፣ "የማን ልጅ ነሽ?" አሏት።

የአባቷን ስም ነገረቻቸው፤ ከዚያ የአያቷን። "አባቴ ከመንዝ ነው ወለጋ የወረደው" አለች።

"እንግዲያ አገርሽ ገብተሻል" ብለው ቆመው መረቋት። ረጅም ምርቃት ነበር። እሷ መሬት መሬት እያየች አሜን አለች።

በኋላ ጓዳ ስንገናኝ ተቆጥታኛለች። "ያን ሁሉ ሰው ፊት ለምን አቆሙኝ፣ እትዬ? ጫማዬ ተቀዶ ነበር።" ጫማዋን አላየሁም ነበር። መጀመሪያ ጫማውን ማየት ነበረብኝ።

ጥር 22

ማኅደር ለመልስ መጥታ የድሮ ክፍሏ አድራ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከሙሉቀን ጋር ሄደች። መኪናው ዘንድ አንገቷ ሥር ተደፍቼ ቆየሁ። "እማዬ፣ ይበቃል፤ ሰው እየጠበቀ ነው" አለችኝ። እኔ ሌላ ነገር እየጠበቅሁ ነበር።

ረፋዱ ላይ ፅጌረዳ ቤቱን ልታግዘኝ ገባች። መጥረጊያውን ስታነሣ፣ "ቆይ" አልኳት። "ቤቱ ምን ይሸታል?"

"ደስ..." ልትል ጀምራ ተወችው። ሳሎኑ መሃል ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። "የተጎዘጎዘው ሣር፤ ደርቋል፣ ጭድ ጭድ ይላል። ከጓዳ አተላ፤ ዛሬ ካልወጣ ይከረፋል። በሩ ጋ የአቶ ሞገስ ካፖርት አለ።"

"በግ?"

"በግ" አለችና ፈገግ አለች።

ከዚያ ሳልነግራት ማኅደር ክፍል ገባች። ተከተልኳት። ትራሱን አንሥታ አሸተተች፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ እዚያ ቆየች። "ሳሙና" አለች። "የፀጉር ቅባት፤ የኮኮናት ነው። እና..." ትራሱን በእጇ ዳሰሰችው። "አልቅሳ ነበር መሰለኝ፣ እትዬ። እዚህ ጋ እርጥብ ነው።"

ተቀብያት ጣቴን አሳረፍኩበት። እርጥበቱስ ለእኔም ይታወቃል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷም መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ቀጥዪ" አልኳት።